በማን ክንድ? ከይጁቤ እስከ ዲማ

ከተመለስኩ ሳምንት አልሞላኝም። አንዷ ወፍጮ ቤት፣ ሌላዋ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እያስቆመችኝ ዲማ እንዴት እንደሆነ፣ የት እንዳደርኩ፣ ወንድሜ ምን እንዳለ ትጠይቀኛለች። ለአምስት ሰው ብነግር ወሬው አምስት ዓይነት ሆነብኝ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ያነበበች ላላነበበች ትንገር ብያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ።

የሄድኩበትን ጉዳይ ላስቀድም። ዲማ አጠገብ የአባታችን መሬት አለ። አባታችን ከማረፋቸው በፊት ለሁለቱ ታናናሾቼ አካፍለውታል፤ እኔ ይጁቤ ስላገባሁ አልተካፈልኩም፣ ቅርም አላለኝ። ላይኛው ደረቅ መሬት፣ ስድስት ጥማድ፣ የወንድሜ የአለሙ ሆነ። የወንዙ ዳር፣ ሁለት ጥማድ ብቻ፣ የእኅቴ የጥሩነሽ። አንድ ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ የይጁቤ ልጆች ይኼን እየረሳችሁት ነው። የጥሩነሽ ቢያንስም ውኃ ስለሚያገኝ በዓመት ሁለቴ ያበቅላል። እንዲህ ተስማምተው ስንት ዘመን ኖሩ።

አምና መሬት የሚለኩ ባለሙያዎች መጡና ለየአንዳንዱ ይዞታው የተሣለበት ወረቀት ሰጡ። ካርታ ይሉታል። አለሙ የራሱንና የእኅቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ቢያይ፣ በሥዕሉ የጥሩነሽ መሬት ከሱ በልጦ አገኘው። ከዚያች ቀን ወዲህ መሬቴ ተቆርጦ ለሷ ተሰጥቷል ብሎ ሰላምታዋንም ተወ። በዚህ መሐል የጥሩነሽ ልጅ፣ የዝና፣ እሑድ ልታገባ ሆነ። በእኛ ቤት ሙሽራ አጎቷ ሳይመርቃት ከደጅ አትወጣም፤ አለሙ ግን አልመጣም ብሏል። ጥሩነሽ ደውላ «እትዬ፣ እርስዎ ካላመጡት የሚያመጣው የለም» አለችኝ። እኔ እንደሆንኩ ለመሄድ ሰበብ ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ፤ ታውቁኛላችሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ከይጁቤ ተነሣሁ። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ስለነበር ሚኒባሱ ቶሎ ሞላ። የያዝኩት አንድ ዘንቢል ነው፤ ዳቦ ቆሎ፣ ለሙሽራዋ የገዛሁት ሻሽ፣ አንድ ጠርሙስ ማር። የጠርሙሱ ክዳን ላልቶ ኖሮ ማርቆስ ሳንገባ ሻሹ በማር ተነከረ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «እማማ፣ ሙሽራዋን የሚያጅባት ንብ ነው» አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ደብረ ማርቆስ የልጅ ልጄ ሰላም አለች። የጂኦግራፊ መምህርት ናት። የተከራየችው ክፍል ከእኔ ጓዳ አይሰፋም፤ ግድግዳው ላይ ግን አገሩን በሙሉ ሰቅላዋለች። ሻሹን አጥባ አሰጣችልኝ፣ ምሳ አበላችኝ፣ ከዚያ የአለሙን ነገር አጫወትኳት። አልሳቀችም፤ ተማሪዎቿም በየዓመቱ እንደዚሁ እንደሚሳሳቱ ነገረችኝ። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ መስፈርት አልተሣሉም አለች። መስፈርት የምትለው፣ በወረቀቱ ላይ አንድ ጣት የሚያህለው ነገር በምድር ላይ ስንት እንደሚሆን ነው። እንዳልገባኝ ከፊቴ አይታ አቀለለችልኝ።

«እማማ፣ ወረቀት ሁሉ የየራሱ ክንድ አለው ብለው ይያዙት። ከግርጌው አንዲት ትንሽ መስመር አለች፤ ክንዱ እሷ ናት። ከሁሉ በፊት እሷን ይፈልጉ።»

እሺ አልኳት እንጂ ልቤ ግድግዳው ላይ ነበር። ይጁቤን ስፈልግ አጣኋት። ያ ሁሉ ገበያ፣ ያ ሁሉ አህያ፣ ያ ሁሉ ሰው የት ገባ? ሰላም እዚህ ካርታ ላይ ይጁቤ ከአቧራ ታንሳለች ስትለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ይኼን ያየች ልጅ ሌላ ወረቀት አወጣች፤ ምሥራቅ ጎጃም ብቻ የተሣለበት። እዚያ ላይ ይጁቤ አለች፣ ስሟም በደንብ ተጽፏል። ደስ ብሎኝ ዲማንም ፈለግሁ፣ ከሷ ወዲያ ጉንደ ወይንን አገኘሁ። በመሐላቸው ጣቴን ባስቀምጥ ጥፍሬን አታህልም። እንግዲያማ ጎረቤታሞች ናቸው ብዬ በልቤ ያዝኩ። ይኼ መያዜ ምን እንዳደረገኝ አሁን ትሰማላችሁ።

ረቡዕ ሌሊት ሰላም ከነሌሊት ልብሷ መናኸሪያ አድርሳኝ ተመለሰች። ጥር ስለሆነ የማርቆስ ብርድ አጥንት ይገባል፤ የእኛ ይጁቤ ከሱ ጋር ሲተያይ ቆላ ነው ማለት ይቻላል። አውቶቡሱ ደጀን ሲቆም ሰው ሁሉ ቁርስ ወረደ፤ እኔ ጾም ስለሆነ ተቀምጬ የሌላውን ፍርፍር አሸተትኩ። ለረዳቱ የዲማ መገንጠያ ላይ አውርደኝ ብዬዋለሁ፤ እሱም እሺ ብሏል። ብቸናን እንዳለፍን ግን ፀሐይዋ በመስኮት ገባች፣ ከጎኔ ያለችው ሴት ትከሻ ደግሞ ለስላሳ ነበር። ስነቃ አውቶቡሱ ቆሟል፣ ሰው ዕቃውን ያወርዳል። የት ነው ብል ጉንደ ወይን አሉኝ።

ረዳቱ ራሱን ያዘ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ካርታ አይቻለሁ፣ ጥፍር ታህላለች። ግድ የለም፣ በእግሬ እመለሳለሁ አልኩት። ዕቃ የሚያወርዱት ሁሉ ሥራቸውን ትተው አዩኝ። ረዳቱ የእናቱን ያህል አዝኖልኝ «እማማ፣ በእግር ከሆነስ ለሠርጉ ሳይሆን ለመልሱ ይደርሳሉ» አለኝ። ከመንገዱ ወዲያ አንድ ጋራ አሳየኝ፤ ከሱ ኋላ ሌላ ጋራ አለ፣ ከዚያም ኋላ። ያን ሁሉ ነው በጥፍሬ የሸፈንኩት።

አውቶቡሱ ከቆመበት ፊት ለፊት የከድር የጨርቅ ሱቅ ነበር። ከድር ነገሩን ሁሉ ከበራፉ ሆኖ ሰምቷል። መጥቶ ዘንቢሌን አነሣና ነገ በጠዋት ወደዚያ የሚሄድ አይሱዙ እንዳለ፣ ዛሬ ግን የትም እንደማልሄድ ነገረኝ። ሚስቱ ዘሃራ ሳታስጨርሰው ውኃና ሳሙና አቀረበች። በእኛም ከተማ እስላሙና ክርስቲያኑ እንዲሁ ነው፤ ግን የማያውቁትን መንገደኛ እንዲህ መቀበል ሁልጊዜም ይገርመኛል። ዘሃራ ጾሜ እንደሆነ ገብቷታል። ድስቷን ሁሉ ቅቤ ስለነካው ክርስቲያን ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ ያልነካው ድስት ተውሳ መጣች፣ በዘጠኝ ሰዓት ምስር ወጥ አቀረበችልኝ። ከጓዳዋ ሥጋ ይሸታል፤ ለእኔ ሲሉ ቤተሰቡ ሁሉ ምስሩን በላ። እኔ ብሆን ይኼን ሁሉ አስብ ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ከምሳ በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ገበያውን አየሁ። አንዲት ሴት አቡጀዴ ልትገዛ መጣች፤ ከኋላዋ ራሱ ከበሩ ጉበን የሚደርስ ሰውዬ ይከተላታል። ከድርን በክንድ ስጠኝ አለችው። ከድር ሜትሩን አሳያት፣ አልፈለገችም። ከዚያ ሰውዬው ክንዱን ዘረጋ። ዘሃራ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ገጠር ያሉ ደንበኞቻቸው ክንዱ የረዘመ ዘመድ ይዘው እንደሚመጡ፣ ይኼኛው ሰውዬ እንዲያውም ለሁለት ቀበሌ ክንድ እንደሆነ ሹክ አለችኝ። ከድር ጨርቁን ሳይዘረጋ «አንድ ነገር እናስቀድም፤ የማን ክንድ ነው? የሱ ከሆነ ዋጋውም በሱ ልክ ነው» አላት። ሴትዮዋ ተቆጣች፣ ሳቀች፣ መጨረሻ በሜትር ገዛች። ረጅሙ ሰውዬ ባዶ እጁን አጣጥፎ ሲከተላት አሳዘነኝ።

እኔ ግን የሰላም ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ወረቀት ሁሉ የየራሱ ክንድ አለው ብላኝ አልነበር? ክንዱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መለካት ምን እንደሆነ ይኸው አየሁት። ማታ ስተኛ እንዴት አድርጌ ለአለሙ እንደምነግረው ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሰው ቤት እንደዚያ የተኛሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሐሙስ በአይሱዙ ጋቢና ተመለስኩ፤ ከፍ ብሎ መሄድ እንዴት ደስ ይላል፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ይመስላል። ዘሃራ የሻሹን ነገር ሰምታ ስለነበር ሌላ ሻሽ ለሙሽራዋ ብላ ጨምራልኛለች። መገንጠያው ላይ ወርጄ ከአንዲት አህያ ከምትነዳ ሴት ጋር መንገድ ጀመርን። ስንት ይቀራል አልኳት፤ ይችው ናት አለችኝ። አንድ ዳገት ወጣን፤ ስንት ይቀራል፤ ይችው ናት። ወንዝ ተሻገርን፤ ይችው ናት። የእኛ ሰው ቢሆን ቢያንስ ከጋራው ማዶ ናት ብሎ ያስፈራል፤ ዲማ ያለ ሰው ግን እንግዳን አያስፈራም፣ ዝም ብሎ ያስኬዳል። ጫማዬ እግሬን ቢልጠኝ ሴትዮዋ ሸክሙን ግማሹን ራሷ ተሸክማ አህያዋ ላይ አወጣችኝ። ከዚያ ወዲያ እውነትም ይችው ናት፤ አህያ ላይ ላለ ሰው አገሩ ቅርብ ነው።

ገዳሙ ከሩቅ ሲታየኝ ተሳለምኩ። እዚያ ስላሉት ሊቃውንት የሚያውቅ ይጻፍ፤ እኔ ወደ ጉዳዬ።

የጥሩነሽ ቤት ከሸለቆው ወዲህ፣ የአለሙ ከሸለቆው ወዲያ ነው። በልጅነታችን እሳት ስንፈልግ፣ ጨው ሲያልቅብን፣ ጥጃ ሲጠፋ ከዚህ ጠርተን ከዚያ ይመለስልን ነበር። አሁን ጥሩነሽ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ከማዶ ድምፅ እንዳልሰማች ነገረችኝ። ጠላው ተጠንስሷል፣ ዱቄቱ ተፈጭቷል፣ ሁሉም አለ። ዳሱ ግን ተንጋዷል። በአንድ በኩል ይነሣል፣ በሌላው ይወድቃል፤ ቅርንጫፉን ጣሪያው ላይ ለመዘርጋት የደፈረ የለም። አገር የሚያውቀው የዳስ ሠሪ አለሙ ነበር። እሱ ሲቀር ሁለት ጎረቤቶች ባላውን ተካፍለው ለክተው ቆረጡ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ጥሩነሽ ይኼን ስትነግረኝ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። የዝና ዳሱን እንዳላየች ሆና እያለፈች ነበር። አጎቷ ካልመጣ ከቤት አልወጣም ብላ እናቷን እንዳስጨነቀቻትም ያኔ ሰማሁ።

ጥሩነሽ ካርታዋን ከሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። ከግርጌው እውነትም ትንሽ መስመር አለች፤ አጠገቧ 50 ሜትር የሚል ተጽፏል። ቁጥር አውቃለሁ። መስመሯ ግን ሦስት ጣት ሙሉ ነበረች። ካርታውን አጣጥፌ ጡቴ ሥር አስገባሁት።

ዓርብ ጠዋት ሸለቆውን ወርጄ ወጣሁ። አለሙ ዱላውን ጥሎ ጉልበቴን ሳመ፤ ሸብቷል፣ ግን ያው ያሳደግሁት ልጅ ነው። ፀሐይ ላይ ወንበር አወጣልኝ፣ የመንገዱን ጠየቀኝ፣ የጉንደ ወይኑን ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገና ስለ ሠርጉ ከሆነ የመጡት ሌላ እንጫወት አለኝ። ስለ ወረቀቱ ነው አልኩት።

ገባና በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ወጣ። ከውስጡ አንድ ሰንበሌጥ ወደቀ። በእርሱ ነበር የለካው፤ ከአንድ ዓመት በፊት በሷ ሥዕል ልክ ቆርጦት፣ በእሱ ሥዕል ላይ ሲያስቀምጠው ተርፎ፣ ማስረጃ ብሎ አስቀምጦታል። ማሳው ራሱ ዐይኑ ፊት ተዘርግቶ፣ ድንበሩም አንድ ክንድ እንዳልተነቃነቀ እያየ፣ ለምን ወረቀቱን እንዳመነ ጠየቅሁት።

«እኔ እያለሁማ ድንበሩን አውቀዋለሁ፣ እትዬ። እኔ ስሞትስ? ልጆቼ የሚይዙት ይኼን ነው። ያን ጊዜ ዳኛ ማሳ ለማየት ዳገት አይወጣም፤ ወረቀቱን ነው የሚያይ።»

ስስት መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ ፍርሃት ነበር።

ከማዶ የተንጋደደው ዳስ ይታያል። አለሙ እንዳያየው ወንበሩን አዙሮ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ አውቄ ዐይኔን እዚያው ላይ ተከልኩ። አልቻለም።

«ሁለት ሰው ነው የለካው» አለ ሳይዞር። «ዳስ በአንድ ሰው ክንድ ነው የሚለካ። ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ።»

«አንተስ ሁለቱን ወረቀት በማን ክንድ ነው የለካኸው?» አልኩት።

«በአንድ ሰንበሌጥ ነዋ።»

«ሰንበሌጡ ያንተ ነው። የወረቀቶቹ ክንድ የታለ?»

ጥሩነሽ የሰጠችኝን አውጥቼ ከሱ ጎን ዘረጋሁ፤ ከግርጌ ያሉትን መስመሮች በጣቴ አሳየሁት። በሁለቱም ላይ 50 ሜትር ይላል። የሷ ሦስት ጣት፣ የሱ አንዲት ጣት። አንዱ ረጅም ሰው፣ አንዱ አጭር ሰው ነው የለካችሁ አልኩት። የአለሙ እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ጩቤውን አወጣ፤ ከሰንበሌጡ በሷ መስመር ልክ አንድ፣ በራሱ መስመር ልክ አንድ ቆረጠ። ረጅሙን በሷ ሥዕል ላይ አጋደመው። ሁለት ጊዜ ሄዶ አለቀ። አጭሩን በራሱ ላይ አጋደመው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እንደገና ቆጠረ። አምስት። ወረቀቱን አዙሮ ጎኑንም ለካ፤ በጎንም የሱ ትንሽ በለጠ።

ሚስቱ ብርቱካን ከበራፉ ቆማ ስታይ ነበር። «ዓመት ሙሉ በአንድ ሰንበሌጥ አኮረፍከን ማለት ነው» አለችው።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። ታዲያ የኔን ለምን አሳንሰው ሣሉት አለኝ፤ ድምፁ እንደ ድሮው ልጅ ሆነብኝ። ትልቅ ስለሆነ ነዋ አልኩት፤ በሷ ክንድ ቢሥሉት ከወረቀቱ ያልፋል። ይኼ ገባው። «ከወረቀቱ ያልፋል» አለ። ደግሞ አንዴ አለው፣ ለብርቱካን እንዲሰማት። ወረቀቱን በፌስታሉ ሲጠቀልል አጭሯን ሰንበሌጥ ከውስጥ አስገባ። ለልጆቹ እንዴት እንደሚለካ ሊያሳያቸው ነው።

ይቅርታ ስለመጠየቅ አንድም ቃል አላወራንም። እኔም አላስታወስኩትም። ገብቶ የዳስ ገመዱን ይዞ ወጣ፤ ክንዱ በየቋጠሮው የተለካበት አሮጌ ገመድ ነው። ከግቢው ወጥቶ ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆመ። ምን ሊል እንደሆነ የጨነቀው ይመስለኛል፤ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥሩነሽ!»

ከማዶ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ጥሩነሽ በሊጥ እጇ ከጓዳ ወጣች። ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግራ ቀኝ ስታይ ቀሚሷን በሊጥ አበላሸችው።

«አቤት!»

«ዳሱ ስንት ሰው ይችላል?»

ጥሩነሽ ተንጋዶ የቆመውን ባላ አየች፣ እሱን አየች።

«አንተን ከነኩርፊያህ ይችላል!»

ብርቱካን ከኋላዬ ስትስቅ ሰማኋት። አለሙ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ቁልቁለቱን ጀመረ፤ ዱላውን ረስቶት ነበርና እኔ ይዤለት ተከተልኩ።